ሃይማኖትን፥ ፍልስፍናንና ግብረ ገብን በትምህርት ቤት መጨረሻ ዓመታት ስለ መማር

የሃይማኖት ነገር በትምህርት ቤት ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሁለት አሳብ ይቀርባል። አንዱ ወገን እንደ እምነት ይሰበክ ይላል፤ ሌላው ወገን ጨርሶ አይነሣ ይላል። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ለማሳየት በእንግሊዝ አገር ከ16 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች የሚማሩትን የሃይማኖት ጥናት እንመረምራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1944 የወጣው የእንግሊዝ የትምህርት ሕግ የሃይማኖት ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ አዘዘ፤ ወላጅ ግን ልጁን ከዚህ ትምህርት ለማስቀረት መብት ተሰጠው። የ1988ቱ ሕግ ደግሞ ከክርስትና ጋራ የሌሎቹም ዋና ዋና ሃይማኖቶች ትምህርት እንዲታሰብ ደነገገ። አሁን የምንናገርለት ኤ ሌቭል የሚባለው ጥናት ግን ተማሪው በፈቃዱ የሚመርጠው ነው።

ፈተናውን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች ብዙ ናቸው። ኦ.ሲ.አር. የተባለው ድርጅት በ2016 ማስተማር የተጀመረበትን ሥርዐት በሦስት ከፍሎታል፤ ይኸውም የሃይማኖት ፍልስፍና፥ ሃይማኖትና ግብረ ገብ፥ ተማሪው ከመረጠው ከአንድ ሃይማኖት የአሳብ እድገት ጋራ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ድርሰት ይጻፋል። ለአንዱ ድርሰት ከሚሰጠው 40 ነጥብ 16ቱ ለዕውቀት፥ 24ቱ ለምርመራና ለፍርድ የተመደበ ነው። የነገሩ ቁም ነገር ያለው በዚህ አከፋፈል ላይ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። የማይድን ሕመም የያዘው ሰው ሐኪሙን «ሕይወቴን አሳጥርልኝ» ብሎ ቢለምነው ሐኪሙ ምን ያድርግ? በቶማስ አኵናስ የተፈጥሮ ሕግ ትምህርት ሕይወትን መጠበቅ ከመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች አንዱ ስለ ሆነ መግደል አይፈቀድም። ነገር ግን ሐኪሙ ሥቃይን ለማስታገሥ ብቻ አስቦ የሰጠው መድኃኒት ሞትን ቢያፋጥን፥ ያሰበው ሌላ ነውና በዚህ ትምህርት ተከታዮች ዘንድ እንደ ገዳይ አይቈጠርም። በ1966 ስለ ሁኔታ ግብረ ገብ መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ዮሴፍ ፍሌቸር ግን ከፍቅር በቀር ጽኑ ሕግ የለም፤ በየጊዜው ሁኔታው ይታይ ይላል።

ይህን በትክክል የተረከ ተማሪ ዕውቀቱን አሳየ እንጂ ገና አልፈረደም። ሞት እንደሚመጣ እያወቁ ማድረግና ሞትን አስቦ ማድረግ በእውነት ይለያያሉን? ፍቅር ብቻ ዳኛ ከሆነ፥ በመታከትና በፍቅር መካከል ያለውን ልዩነት ማን ይለያል? ተማሪው እነዚህን ጠይቆ፥ ከሚጠላው አሳብ ውስጥ እንኳ ብርቱውን ክፍል አውጥቶ ሊመዝን ይገባዋል።

እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ጥያቄውን ከነመልሱ በቃል እናጠና ነበር። መልሱ ሐሰት ነበር ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ያልታገልንበት መልስ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሌላ እምነት ያለው ጓደኛ ሲጠይቀን አንደበታችንን ያዘው። መምህሩ ከሌለ መልሱም የሚጠፋ ከሆነ፥ የራሳችን ነበር ለማለት አንችልም።

በዚህ ትምህርት ላይ የሚሰነዘር ተገቢ ነቀፌታ አለ። ለፈተና ብቻ የሚያጠና ተማሪ ፍርዱንም ራሱን በቃሉ ሸምድዶ ይገባል፤ ያን ጊዜ 24ቱ ነጥብ እንደ 16ቱ ይሆናል። መድኃኒቱ በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ የሚደረገው እውነተኛ ክርክር ነው።

በአገራችን በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ይደነግጋል። በእኛ አስተያየት ተጽዕኖና ጥናት አንድ አይደሉም። ማመዛዘንም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ የመጻሕፍት ቤት መምህር አንዱን ቃል ተርጕሞ «አንድም» ሲል ሌላውን ትርጓሜ ከጎኑ ያቆመዋል። ጓደኞቻችን ከዚህ ወንበር እስከ እንግሊዙ የፈተና ወረቀት ያለውን ርቀት ራሳቸው ይለኩት።