አዲሱን ማጣሪያ ለምን እንዘፈዝፈዋለን?

ቂርያት ጋት ውስጥ እናቴ ቡና የምታፈላበት ከሰልና በውኃ ማጣሪያችን ውስጥ ያለው ጥቁር ፍርፋሪ ዘመዳሞች ናቸው። በዕብራይስጥ ፔኻም ፓዒል የምንለው የማጣሪያው ከሰል ግን በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ተቦርቡሯል፤ የ1 ግራሙ የውስጥ ገጽ 1,000 ካሬ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ብዙዎቹ ቀዳዳዎች ከ2 ናኖሜትር ያንሳሉ።

ታዲያ ውኃው ዝም ብሎ ይገባል? ሁልጊዜ አይደለም። ጠብታው ገጹ ላይ ከተንጣለለ ቀዳዳው ራሱ ይስበዋል፤ አልኮል እንዲህ ነው። ከተድበለበለ ግን ግፊት ያስፈልገዋል፤ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ግፊቱም ይጨምራል። ንጹሕ ካርቦን ውኃን ብዙም አይወድም። ስለዚህ ውኃው መጀመሪያ ኦክስጅን ያለባቸውን ቦታዎች ይይዛል፤ ከዚያ ሞለኪውሎቹ እየተያያዙ ቀዳዳውን ይሞሉታል።

አዲስ ማጣሪያ ስትዘፈዝፉ የምታዩት አረፋ ከውስጡ የሚባረር አየር ነው። ውኃ ያልደረሰበት ቀዳዳ ክሎርን አያስወግድም። እና አትቸኩሉ፤ መመሪያው የሚለውን ያህል ዘፍዝፉት።