ኮንታክት ሌንስና የቧንቧ ውሃ

ከኮንታክት ሌንስ ጋር የሚመጣው ከባዱ የዓይን ሕመም የብሌን ኢንፌክሽን ነው፤ ሐኪሞች ኬራታይትስ ይሉታል። ብሌን መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅን የሚያገኘው ከአየር በእንባ በኩል ነው። ሌንስ ይህን መተላለፊያ ያጠብበታል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ደግሞ የዓይን ቆብ ይዘጋበታል። ሌንሱን ሳያወልቁ መተኛት ለኢንፌክሽን የመጋለጥ ዕድልን ከ6 እስከ 8 እጥፍ ያሳድገዋል።

ብዙውን ጊዜ መንስኤው ባክቴሪያ ነው። በተለይ ሱዶሞናስ የሚባለው በጥቂት ቀናት ውስጥ ብሌንን ሊያበላሽ ስለሚችል ሕክምናው ለነገ አይባልም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን አካንታሚባ የሚባለውን አሜባ ነው። አሜባ ሲባል ትዝ የሚለው የሆድ ሕመም ነው፤ ይህኛው ዘመዱ ግን ለመኖር የሰው ሆድ አያስፈልገውም። አፈር ውስጥ፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ፣ ከቧንቧ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ውስጥም ይገኛል። ሲጠጡት ጉዳት የለውም። ችግር ሲገጥመው ድርብ ግድግዳ ባለው ሽፋን ራሱን ይሸፍንና ይተኛል፤ ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የሚጨመረው ክሎሪንም በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ አይገድለውም። «ውሃው የሚጠጣ ነው፣ ሌንሱን ባጥብበት ምን አለበት?» የሚለው ሐሳብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በብሪታንያ አካንታሚባ የሚያመጣው የብሌን ኢንፌክሽን ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ማጠራቀሚያ ከሚመጣ የመታጠቢያ ቤት ውሃ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ውሃ በሮቶ የሚያጠራቅም ሌንስ አድራጊም ይህን ልብ ሊለው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከታመሙት ብዙዎቹ የሌንስ ማጠቢያቸውን ቤት ውስጥ ጨው በውሃ በጥብጠው ያዘጋጁ ነበሩ።

ታማሚው ዓይኑ ላይ ከሚታየው መቅላት በላይ ያመዋል፤ ብርሃንም ይወጋዋል። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊቱን ጭምር በየሰዓቱ ጠብታ ማድረግን ይጠይቃል፤ ከዚያም ወራት ይወስዳል። ብሌኑ ላይ ጠባሳ ቀርቶ ብርሃን ከከለለ ያለው አማራጭ የብሌን ንቅለ ተከላ ነው፤ ብሌን የሚገኘውም ከሞቱ በኋላ እንዲሰጥ ከፈቀደ ለጋሽ ነው።

ጥንቃቄው ቀላል ሆኖ ሳለ ችላ መባሉ ያሳዝናል። እጅን ታጥበው በደንብ ሳያደርቁ ሌንስ መንካት ያው ውሃውን ዓይን ውስጥ ማስገባት ነው። ሌንሱ ሻወር ከመውሰድ፣ ከመዋኘትና ጠበል ከመጠመቅ በፊት ይውለቅ። ማስቀመጫው ውስጥ ያደረው ፈሳሽ ይደፋ እንጂ አዲስ አይጨመርበት። ማስቀመጫውም በየ3 ወሩ ይቀየር።

ዓይን ከቀላና ካመመ ሌንሱን ወዲያው አውልቆ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ መቅላቱን ለጊዜው ቢያስታግስም ኢንፌክሽኑን ሊያባብሰው ይችላል። የወለቀው ሌንስና ማስቀመጫው አይጣሉ፤ ላቦራቶሪ ተሕዋሲውን ከእነርሱ ላይ ሊያገኘው ስለሚችል ወደ ሐኪሙ ይዘዋቸው ይሂዱ።