ደህና የተመለሰው ዘማች፦ የጦርነትን ሕመም በሚመረምር ጥናት ውስጥ የጤነኛ ፈቃደኛ ድርሻ

ጦርነት በዘማቹ አእምሮና አንጎል ላይ ትቶት የሚያልፈውን ጉዳት የሚመረምር የሕክምና ጥናት ያለ ፈቃደኛ አይካሄድም። ፈቃደኛ የሚባለውም የጥናቱ ዓላማ፣ ጥቅምና ጉዳት በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ ማንም ሳያስገድደው የሚሳተፍና በፈለገው ጊዜ ያለ አንዳች ቅጣት ማቋረጥ የሚችል ሰው ነው። ይህ መርህ እ.ኤ.አ. በ1947 በኑረምበርግ፣ በ1964 ደግሞ በሄልሲንኪ የተደነገገ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይታያል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ምስክር ባለበት ተነብቦለት በጣት አሻራው ይፈቅዳል፤ ስሙም በመለያ ቁጥር ይተካል። ይህ ሁሉ በየሥልጠናው የሚነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ማስፋፋት አያሻም። እምብዛም የማይነገርለት ሌላ ነው፤ እርሱም ዘምቶ ደህና የተመለሰው፣ ወይም ጭራሹን ያልዘመተው፣ ለጥናቱ ግን ከታመመው ባልተናነሰ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለ ዘማች የሚያወራ ሰው የትኛውን ዘመቻ ማለቱ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። በ1969 ዓ.ም. ከእርሻው ተጠርቶ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነውን የሚሊሻ ሠራዊት የሚያስታውስ ሽማግሌ፣ በ1983 ዓ.ም. ከተበተነው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ከሚሆነው የቀድሞ ሠራዊት ጋር ወደ ቤቱ የተመለሰ ጎልማሳ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመ ግንባር የቆየ ወታደር በአንድ ደብር ቅጽር ሊገናኙ ይችላሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ እስከ ጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫ ድረስ መጥቷልና፣ ዘማቹንና ቤት የቀረውን የሚለየው መስመር በዚህ አገር እንደ ድሮው አልጸናም። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዱ ሌሊት ይባንናል፣ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል፣ ከሰው ይሸሻል፤ ቤተሰቡም ጠበል ይወስደዋል። የሕክምና ሰዎች ይህን ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚከተል የጭንቀት ሕመም ይሉታል። የአንጎል ጉዳት የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ ጥይት ወይም ፍንጣሪ የራስ ቅልን ሲበሳ ብቻ ሳይሆን፣ የፍንዳታ ግፊት ወይም አወዳደቅ አንጎልን ሲያናውጠውም ይደርሳል። ሰውየው የውጭ ቁስል ባይኖረውም ከዚያ ወዲያ ራሱን ሊያመው፣ ነገር ሊረሳ፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ሊያቅተው ይችላል። ሁለቱ ጉዳቶች በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ የቱ ምልክት ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያስቸግራል፤ ጥናት የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው።

እንዲህ ያለ ጥናት መጥቷል ሲባል ደህና የሆነው ዘማች «እኔ ምን ሆንኩና» ብሎ ቦታውን ለታመመው ይለቃል። ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ስሕተት ነው። ምልክቱ በታመሙት ላይ ምን ያህል እንደሚበዛ መቁጠር ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ራስ ምታት በእርሻ የዋለውንም ይይዘዋልና፣ የዘማቹ ራስ ምታት ከጦርነቱ መምጣቱ የሚታወቀው እንደ እርሱ ያለ፣ ያ ጉዳት ግን ያልደረሰበት ሰው አብሮ ሲለካ ነው። ይህ ሁለተኛው ወገን የማነጻጸሪያ ቡድን ይባላል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ስለ ዘማቾች የተደረገ ጥናት ሳይሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራ ያካሄዱት ነው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 68,378 ሰዎች በየቤታቸው ተጠየቁ፤ ለዓመታት ክትትል የተደረገላቸው ከባድ የአእምሮ ሕመምተኞች ግን 919 ነበሩ። ከቀረው ከስልሳ ሺህ በላይ ሰው አብዛኛው ሥራውን አቁሞ የመለሰው መልስ «የለብኝም» የሚል ነበር፤ በጎ ፈቃዱም እንደ ድካም አልተቆጠረለትም። በአሥር ዓመት ክትትል እነዚያ ሕመምተኞች ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ በእጥፍ ያህል እንደሚሞቱና ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ከዕድሜያቸው እንደሚጎድል ተደረሰበት። «እጥፍ» የሚለው ቃል የቆመው የጤነኛው ሕዝብ ሞት ስለታወቀ ነው።

ስለ ዘማቾች ከተደረጉት መካከል ግን ነገሩን አጉልቶ የሚያሳየው የቬትናም ራስ ቁስለኞች ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ 520 በራሳቸው ላይ የቆሰሉ አሜሪካውያን ዘማቾች ያን ጊዜ ዋሽንግተን በነበረው ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ሲመረመሩ፣ በዚያው ጦርነት ተሰልፈው ራሳቸው ላይ ያልቆሰሉ 85 ሰዎችም አብረው ተመረመሩ። ጥናቱ ትውልድ ተሻግሮ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ክፍሉ 193 አንጎላቸው የተጎዳና 52 ያልተጎዳ ዘማቾች ተነጻጸሩ። ካልተጎዱት ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው በአንዱ ጊዜ የጭንቀት ሕመሙ ይዟቸው ነበር፤ አሚግዳላ የተባለው፣ በጆሮ ግንድ ትይዩ በአንጎል ውስጥ ተቀብሮ የፍርሃትን ስሜት የሚያነሣሣው ክፍል ከተጎዳባቸው መካከል ግን አንድም አልተገኘም። ጥቂት የአንጎል ቁስለኞች ከሌላው ይልቅ ከዚህ ሕመም ተጠብቀዋል ማለት ነው። ይህ የሚያስደንቀው 52ቱ ስላሉ ነው፤ እነርሱ ባይመጡ ኖሮ የቁስለኞቹ አለመታመም እንደ ተራ ነገር ታልፎ በቀረ ነበር። እዚህ ላይ ጤነኛ ማለት ፍጹም ደህና ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ የሚጠናው ጉዳት ያልደረሰበት ማለት ነው፤ ከ52ቱ ግማሽ ያህሉ መባነኑን ያውቁት ነበርና።

ከዚህ የሚልቀው እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የመንትዮች ጥናት ነው። የማስታወስን ሥራ የሚያከናውነው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በጭንቀት ሕመም በሚሠቃዩ ዘማቾች ላይ አንሶ መታየቱ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ብዙዎችም ጦርነቱ አኮማተረው ብለው ነበር። ተመራማሪዎቹ አንዱ የዘመተ ሌላው ከጦር ሜዳ የቀረ፣ መልክ ለመልክ የሚመሳሰሉ መንትዮችን አምጥተው ሲለኩ ግን ያ ክፍል በጽኑ የታመመው ዘማች ላይ ብቻ ሳይሆን ቤት በቀረው ወንድሙም ላይ አንሶ ተገኘ። ትንሽነቱ ከጦርነቱ ቀድሞ የነበረ፣ ምናልባትም ለሕመሙ የሚያጋልጥ ተፈጥሮ እንጂ የጦርነቱ ውጤት ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳው ጦር ሜዳ ረግጦ የማያውቀው ሰው ነው።

የቬትናም ራስ ቁስለኞች ጥናት ሌላም ዕድል ነበረው፤ ወታደሮቹ ሲመለመሉ የወሰዱት የችሎታ ፈተና ውጤት ተጠብቆ ስለቆየ ከመቁሰላቸው በፊት ምን ያህል እንደሆኑ ይታወቅ ነበር። ከማረሻው ተነሥቶ ለዘመተ የጋይንት ሚሊሻ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። ስለዚህ የቀድሞ ችሎታውን ለመገመት የሚቀረው ዋነኛ መንገድ በዕድሜ፣ በትምህርትና በኑሮ የሚመስለውን ጓደኛውን መለካት ነው። ትምህርት ሲባልም በዚህ አገር የክፍል ደረጃ መጠየቅ አይበቃም። የማስታወስ ፈተና ብዙውን ጊዜ የቃላት ዝርዝር አንብቦ ጥቂት ቆይቶ ማስደገም ነው፤ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከረ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በቃል ትምህርት የተካነ መሪጌታ አንጎሉ ተናውጦ እንኳ ካልተማረ ጤነኛ ገበሬ የበለጠ ቃል ሊደግም ይችላል፤ ቅጹ ላይ ግን «መደበኛ ትምህርት፦ የለም» ተብሎ ከገበሬው ጋር ይመደባል። ደብተራው ከደብተራ፣ ገበሬው ከገበሬ ጋር ካልተነጻጸረ ጉዳቱ ይሰወራል።

መጠይቁም ቢሆን ከአገሩ ኑሮ ጋር መስማማት አለበት። የጭንቀት ሕመሙን ለመለካት በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ 20 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ከ0፣ «በጭራሽ»፣ እስከ 4፣ «እጅግ በጣም» ይመለሳል። ነርሷ «ሃምሳ አለቃ፣ ባለፈው አንድ ወር ድንገት የመደንገጥ ነገር ምን ያህል አስቸግሮዎታል?» ብላ ስትጠይቅ፣ በሠርግና በለቅሶ ጥይት በሚተኮስበት አገር ሰውየው ተኩስ የሚሰማበትን ቦታ አስቀድሞ ትቶ ከሆነ «በጭራሽ» ብሎ ቢመልስ አልዋሸም። ለቅሶ መሄድ ካቆመ ስንት ጊዜ እንደሆነው ካልተጠየቀ ሕመሙ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ ለቅሶ መቅረት በጋይንት የሚያስወቅስ ነውና ምክንያቱን ራሱ አያወጣውም።

ፈቃደኞችም የሚወቀሱበት ነገር አለ። እርዳታ ይመጣል ብሎ ምልክቱን የሚያጋንን ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹንም መልስ ያበላሻል፤ ጥናት ሕክምናም ጡረታም አይደለም፣ ሐኪም የሚያስፈልገው ሰውም ቢገኝ ወደ ሆስፒታል ይላካል እንጂ በመጠይቁ አይድንም። ከዚህ የከፋው በሰውነቱ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ እያለ ሳይናገር ወደ ኤምአርአይ የሚገባው ነው፤ መሣሪያው የሚሠራው በብርቱ ማግኔት ስለሆነ ብረቱ ከቦታው ሊንቀሳቀስና ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው የሚሆነው በራጅ የሚሠራው ሲቲ ስካን ነው።

የተመራማሪዎቹ ጥፋት ግን ይበልጣል። ብዙዎቹ ለታመመው ሲደክሙ ይከርሙና ለማነጻጸሪያ ሲደርሱ በቅርብ የተገኘውን፣ የሆስፒታሉን ዘበኛ፣ አስታማሚውን፣ የኮሌጁን ተማሪ ይመዘግባሉ። የሃያ ዓመት ተማሪ የስልሳ ዓመት ሚሊሻ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ትክክለኛው ሰው የሚገኘው አብረው የዘመቱ ሰዎች በየወሩ ጽዋ በሚጠጡበት ማኅበርና በእድሩ ነው፤ የማኅበሩ ሙሴ ወይም የእድሩ ዳኛ ማን ከማን ጋር እንደዘመተና ማን በየትኛው ግንባር እንደቆሰለ ከማንም መዝገብ ይልቅ ያውቃል። ስም የሚመዘግብ እንግዳ ሲመጣ ምልመላ ነው ብሎ የሚጠረጥረውም ሽማግሌ የእነርሱን ቃል ይሰማል። ተመራማሪው ከእነርሱ ዘንድ ሲቀርብ ሌሊት የሚባንነውን አንድ ሰው ሲጠይቅ፣ ከዚያው ምሽግ ወጥቶ ደህና የሚተኛውን ሌላውንም በዚያው አፍታ ይጠይቅ፤ ለሁለቱም የአንድ ቀን ውሎ አበልና የመጓጓዣ ገንዘብ እኩል ይክፈል፣ ውጤቱ ሲወጣም ወደ ሁለቱም ተመልሶ ይንገር።