የሞተር ብስክሌት የኋላ ጎማ በቤት ስለ ማውለቅና ስለ መግጠም

በደሴና በወልድያ መንገድ ላይ ባለችው በመርሳ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው፣ ጎማው በተነፈሰ ቍጥር ሞተሩን እየገፋ ጎሚስታ ቤት መኼድ አያሻውም። ለዳዶው ልክ የኾኑ ሁለት ቁልፎች፣ አንድ ፒንሳና ጥቂት ግራሶ ይበቁታል። (ጎሚስታ፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ግራሶ፤ ኹሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው።) ዳዶን በፒንሳ መፍታት ግን ማዕዘኑን መብላት ነው።

እንደ ቦክሰር የኋላ ፍሬናቸው ባለ ከበሮ በኾኑት ሞተሮች ሥራው እንዲህ ነው። ሞተሩን በደልዳላ ስፍራ በመኻል ማቆሚያው አቁሞ የፊቱን ጎማ በድንጋይ ማስደገፍ፤ የፍሬኑን ዘንግና ማገቻ ክንድ ፈትቶ ፔርኖውን መሳብ። በግራና በቀኝ የሚወጡት ቀለበቶች የየት እንደ ኾኑ በወረቀት ይጻፍ፤ እኔ በልቤ ይዣለሁ ብዬ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ።

የሚያስፈራው መግጠሙ ነው። ወንድሜ ማገቻውን ክንድ ሳያስር ነድቶ፣ ፍሬን በያዘ ጊዜ የፍሬኑ ክዳን ከጎማው ጋር ዞረና ጎማው ድርቅ አለ፤ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ስለዚህ አስቀድሞ ይኸው ክንድ ይታሰር። ሰንሰለቱ በመኻሉ ሲነካ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይላላ፤ የግራና የቀኝ ምልክቶች እኩል ይኹኑ። የፔርኖው ዳዶ ሲጠብቅ የፍሬኑ መርገጫ ተረግጦ ይያዝ፤ የዳዶው መቆለፊያ ሽቦም አዲስ ይኹን። ጎማው በእጅ ሲሽከረከር ሳይፋተግ ከዞረ፣ ፍሬኑን በግቢ ውስጥ በዝግታ እየነዱ መሞከር ነው።