ከወረታ ወደ ጣና ዳርቻ፦ ካሜራ ይዞ ወደ ፎገራ ሜዳ ለሚወርድ ሰው

ወረታ፦ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ከወረታ ከተማ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣና ሐይቅ አቅጣጫ የሚወርድ መንገደኛ ወፎቹን ከማየቱ በፊት ድምፃቸውን ይሰማል። ከሩቅ የሚነፋ መለከት የሚመስል ድምፅ ነው። ጥቂት ቆይቶ አንገታቸውንና እግራቸውን ዘርግተው በሰልፍ የሚበሩ ግራጫ ወፎች ከረግረጉ ተነሥተው ሩዙ ወደታጨደበት ማሳ ይመጣሉ። ከአውሮፓና ከሩሲያ ሜዳዎች ብርዱን ሸሽተው፣ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጠው የሚመጡት ክሬን የተባሉት ወፎች ናቸው። ክሬን ሲባል የሕንፃ መሥሪያው ማሽን ትዝ የሚለው አንባቢ አልተሳሳተም፤ ማሽኑ ስሙን ያገኘው ከዚህ ወፍ ረጅም አንገት ነው።

ከእንግዶቹ ሌላ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩ አሉ። በራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል የደፋው ጥቁር ክሬን በረግረጉ ውስጥ ይራባል፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች አንዱ ነው። የፎገራ ሜዳ በዓለም ጠቃሚ የወፍ መኖሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ የሰፈረው በእነዚህና በሌሎች የውኃ ወፎች ምክንያት ሲሆን፣ የጣና ሐይቅና አካባቢውም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሳፋሪ የሚለው የስዋሂሊ ቃል ትርጉሙ ጉዞ ማለት ነው። ቃሉ ሲነሣ ለብዙዎቻችን የሚታየን የኬንያው ማሳይ ማራ፣ የታንዛኒያው ሴሬንጌቲና ጣሪያው የሚከፈት መኪና ነው። በዚያ የመጀመሪያው የደኅንነት ሕግ ከመኪና አለመውረድ ነው። በፎገራ ግን ጎብኚው የሚሄደው በእግሩ፣ የሚረግጠውም የሰው ማሳ ነው። በእርሱና በጉማሬው መካከል የመኪና በር የለም፤ ስለዚህ ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ ምክር ሁሉ እዚህ አይሠራም።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው። ወፍ በሩቁ የሚያነሣ ካሜራ ቢያንስ የ300፣ ከተቻለም የ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልገዋል። ሠርግ ለማንሣት የተገዛ አጭር ሌንስ ክሬኑን የነጥብ ያህል አድርጎ ያስቀረዋል፤ ባለቤቱም ለመቅረብ ሲሞክር መንጋውን ያስነሣል። ረጅም ሌንስ የሌለው ሰው አጭሩን ይዞ ሜዳውን፣ ከብቱንና ሰማዩን ቢያነሣ የተሻለ ሥዕል ያገኛል። የእጅ ስልክ ብቻ ያለው ደግሞ የአቅርቦ ማሳያ መነጽር ቢዋስ የስልኩን ካሜራ በመነጽሩ አንድ ዐይን ላይ ለጥፎ ማንሣት ይችላል፤ እጅ ካልተንቀጠቀጠ ውጤቱ ያስደንቃል። የሚበር ወፍ ሳይደበዝዝ እንዲወጣ የሹተሩ ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ማነስ የለበትም፤ ከባዱን ሌንስ ለመደገፍ ትራይፖድ ከሌለ አሸዋ ወይም ሽምብራ የተሞላች ትንሽ ከረጢት ትበቃለች።

የካሜራ ዋነኛ ጠላት አቧራ ነው። የፎገራ ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ የላመ ዱቄት ነው። በዚያ ላይ የውቂያ ወቅት ይጨመራል። ይህ ጸሐፊ አንድ ጊዜ ሩዝ ከሚወቃበት አውድማ አጠገብ ቆሞ ሌንስ ቀይሯል፤ ነፋሱ ያነሣው እብቅ ወደ ካሜራው ሆድ ገብቶ በዚያ ቀን በተነሣው ሰማይ ሁሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ታየ። ከዚያ ወዲህ ሌንስ የምቀይረው ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ፣ እጄንና ካሜራውን በፌስታል ውስጥ አድርጌ ነው። አቧራ የነካውን ሌንስ በሸማ ጫፍ መጥረግም ፈጽሞ አይገባም፤ ደቃቁ አሸዋ መስታወቱን ይጭረዋል። መጀመሪያ በላስቲክ መንፊያ ማራገፍ፣ ቀጥሎ በንጹሕ የሌንስ ጨርቅ መጥረግ ነው።

ውኃ ውስጥ የወደቀ ስልክን ሩዝ ውስጥ የመቅበር ልማድም እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል። የሩዝ አገር በሆነችው ወረታ ይህን መጻፍ ድፍረት ቢመስልም፣ ሩዙ ከመሣሪያው ውስጥ እርጥበት የመሳብ አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ብናኙም በቀዳዳዎቹ ይገባል። አፕል ኩባንያ ራሱ ደንበኞቹን ይህን እንዳያደርጉ ይመክራል። ይልቁንስ መሣሪያውን ወዲያው ማጥፋት፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማድረቅና እስኪደርቅ ድረስ ኃይል አለመሙላት ነው። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች አለመጣልና በካሜራው ቦርሳ ውስጥ ማኖርም ይጠቅማል።

መብራት በማናቸውም ሰዓት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪና ፓወር ባንክ የሚሞላው በዋዜማው ከተማ ሳለ ነው። መለዋወጫ ባትሪ በኪስ፣ ከሰውነት ሙቀት አጠገብ ይያዝ፤ የማለዳ ቅዝቃዜ ኃይሉን ያሳንሰዋል። ወደ ስሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያ ለማንሣት ለሚወጣ ሰው ይህ ምክር እጥፍ ዋጋ አለው።

የብርሃኑ ነገር ለወረታ ሰው የተመቸ ነው። ሜዳው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሚገኝ በማለዳ ወደ ጣና የሚሄድ ሰው ፀሐይን ከጀርባው ያደርጋታል፤ ወፎቹ ከፊቱ በርተው፣ የላባቸው ቀለም ሳይቀር ይታያሉ። ሠርክ ላይ ግን ፀሐይ በሐይቁ በኩል ስለምትጠልቅ ብርሃኑ ዐይንን ይወጋል፤ የሚገኘውም የወፉ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከሜዳው የሚነሣው ሙቀት አየሩን ያወዛውዘዋል፤ ያኔ እጅግ ውድ የሆነ ሌንስ እንኳ ጥርት ያለ ምስል አያወጣም። ስለዚህ ሥራው የማለዳ ነው።

የማለዳው ጊዜ ደግሞ ጉማሬ ከግጦሽ የሚመለስበት ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ረገብ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ጉማሬ ቀን በውኃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሣር ይግጣል፤ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውኃው ይመለሳል። ከአንድ ሺሕ ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ይህ እንስሳ በአጭር ርቀት በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ ጭቃ ላይ የቆመ ሰው አያመልጠውም። በጣና ዳርቻ ደንገልና ሸምበቆ ውስጥ ተረግጦ የጎደጎደ መንገድ፣ በቁጥቋጦ ላይ የተበተነ እርጥብ ፋንድያ የተመለከተ ሰው መንገዱ የማን እንደሆነ ይወቅና ይልቀቅ። ከሁሉ የከፋው በጉማሬውና በውኃው መካከል መቆም ነው፤ እንስሳው መሸሻው እንደተዘጋበት ስለሚቆጥር በቀጥታ ወደ ሰውየው ይመጣል። ድንገት ከተገናኙ ወደ ውኃው ሳይሆን ወደ ጎን መሸሽ፣ ዛፍ ካለ መውጣት ነው። አፉን በሰፊው ሲከፍት ለፎቶ የተመቻቸ የሚመስለው ሰው አለ፤ ማዛጋት ሳይሆን ማስፈራሪያ ነው። ወንዞቹ ርብና ጉማራ ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አካባቢ በታንኳ የሚጓዝም ቢሆን ከእንስሳው ቢያንስ መቶ ሜትር ይራቅ፤ ቀዛፊው «እዚህ አንጠጋም» ካለ ገንዘብ ጨምሮ አያግባባው።

በሌሊት መውጣት ጨርሶ አይመከርም። ምክንያቱ ጉማሬው ብቻ አይደለም። አዝመራውን ከእንስሳና ከሌባ ለመጠበቅ ማሳው ዳር የሚያድር አርሶ አደር አለ፤ በጨለማ የሚንቀሳቀስ የባትሪ መብራት ለእርሱ ሌባ ነው። በተመሳሳይ ረጅም ሌንስ ከሩቅ መሣሪያ ሊመስል ይችላል። ከመነሣት በፊት የመንገዱን የፀጥታ ሁኔታ ከወረዳውና ከቀበሌው መጠየቅ፣ በኬላ አካባቢ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ማድረግ፣ ድልድይንና የጸጥታ ኃይሎችን አለማንሣት፣ ድሮንን ያለ ፈቃድ ይዞ አለመምጣት ግድ ነው። የአካባቢውን ተወላጅ መንገድ መሪ አድርጎ መያዝ ከእነዚህ ችግሮች አብዛኛውን ያቃልላል፤ ለእርሱም የቀን ገቢ ይሆናል። ዋጋውን ግን ከመነሣት በፊት መነጋገር ይበጃል።

ሌላው አደጋ በዐይን የማይታየው ነው። ሜዳው ወባማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በፎገራና በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ወረዳዎች ካላዛር የተባለው በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተከስቶ እንደነበር የሚያስታውሱ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ስትሆን፣ ካላዛርን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ሁለቱም በብዛት የሚናከሱት ሲመሽና በሌሊት ነው። ረጅም እጅጌ መልበስ፣ ወፍ እየጠበቁ ዛፍ ሥር ሜዳ ላይ አለማደር፣ አጎበር አለመርሳት ነው። ከጉዞው በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው የት ሄዶ እንደነበር ለጤና ባለሙያው ይንገር። ለተሻለ ፎቶ ብሎ ባዶ እግሩን ሐይቁ ዳር የሚገባ ሰው ደግሞ ቢልሃርዚያ ሊይዘው ስለሚችል የላስቲክ ቦት ጫማ ይልበስ። ወደ መንደር ሲጠጉ ከሩቁ «ቤቶች!» ብሎ መጣራት ከውሻ ያድናል። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ማሳው። በታኅሣሥና በጥር ሩዙ የተነሣበት መሬት ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። በቀሪው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ተዘርቶበታል፤ ቡቃያው ለከተማ ሰው ዐይን ሣር ነው። አምስት ፎቶ አንሺዎች ተከታትለው ቢያቋርጡት ጉዳቱ የአንድ በሬ ያህል ነው። ወፎቹ ካሉበት ማሳ ለመድረስ በድንበር ላይ መሄድ፣ ባለቤቱን ካገኙ ሰላምታ ሰጥቶ ማስፈቀድ ተገቢ ነው። «አባባ፣ በዚህ በኩል ባልፍ ይፈቅዱልኛል?» ያለውን ሰው የሚከለክል አርሶ አደር ይህ ጸሐፊ ገና አላጋጠመውም፤ ብዙዎቹ ወፎቹ ትናንት የት እንደዋሉ ጭምር ይነግሩታል። የሰውን ፊት ለማንሣትም እንዲሁ መጠየቅ ነው። አጫጅ ሴቶችን ሳይጠይቁ በሩቅ ሌንስ መስረቅ ነውር ነው።

ክሬኖቹ እረኛንና ከብትን ስለለመዱ ከመንጋ ጋር ቀስ ብሎ የሚሄድን ሰው ብዙም አይፈሩም፤ በቀጥታ ወደ እነርሱ የሚገሰግሰውን ግን በሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ እያለ ይነሡበታል። ለመብረር ያነሷቸው ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩ የተመለከተ ጎብኚ ሥዕሉን ቢያገኝም ወፎቹን ከምግባቸው አስነሥቷል፤ ወደ ሩሲያ የሚመልሳቸውን ስብ የሚያጠራቅሙት ከዚሁ ቃርሚያ ነው። በክረምት አክሊል የደፋው ክሬን እንቁላል ታቅፎ ከተገኘም መራቅ፣ ቦታውንም በማኅበራዊ ሚዲያ አለማውጣት ነው።

ሸሸርና ወላላ የተባሉት የፎገራ ረግረጎች ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እጅግ ጠበዋል። ውኃው ለመስኖ በሞተር ይሳባል፤ ሲጎድል ዳርቻው ይታረሳል፤ የርብ ወንዝ ዳር የተሠራው የጎርፍ መከላከያ ካብም ቀድሞ ይሞላቸው የነበረውን ጎርፍ ቀንሶባቸዋል። ያ ካብ የብዙ ሰው ቤትና አዝመራ ከጎርፍ እንዳዳነ መዘንጋት የለበትም። ሩዙም ቢሆን በውኃ ተኝቶ ይተው የነበረውን መሬት የጎተራ ምንጭ አድርጎታል። ወፉንና ጎተራውን እንዴት አብሮ ማቆየት እንደሚቻል የሚነጋገሩ ሰዎች ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል፤ ካሜራ እዚህ ላይ ከመዝናኛ ያለፈ ሥራ ይሠራል። በየዓመቱ በጥር፣ ከአንድ ቦታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተነሣ ፎቶ የውኃውን ዳርቻ መሸሽ ያሳያል። ለዚህም የካሜራው ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑን ከቤት ሳይወጡ ማረጋገጥ ነው። ከውጭ ከሚመጡት ክሬኖች በአንዳንዶቹ እግር ላይ ተመራማሪዎች ያሰሩት ባለቀለም ቀለበት አለ። ቀለሞቹ ከላይ ወደ ታች በየትኛው እግር እንደተደረደሩ ጥርት ብሎ የሚያሳይ ፎቶ ከተገኘ ወፉ የተፈለፈለበትን አገር ማወቅ ስለሚቻል፣ ፎቶው ሳይቆረጥ፣ የቦታውና የቀኑ ስም ተጽፎበት ይቀመጥ።