ዋግ ኽምራ ከሚለው ስም የሚወጡ ቃላት

አንድን ረጅም ቃል በትኖ ከፊደሎቹ ሌሎች ቃላትን የመፈለግ ጨዋታ በላቲን ፊደል በሚጻፉ ቋንቋዎች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ እንግሊዝኛ በ26 ፊደላት ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ሲጽፍ፣ አማርኛ ሁለቱን በአንድ ምልክት አጣምሮ፣ 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ዘርዝሮ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ በ231 ሆህያት ይጽፋል። በዚህም ምክንያት «ግ»ን «ጋ» ማድረግ ሌላ ሆሄ ማምጣት እንጂ ማዘዋወር አይባልም።

ርእሰ ከተማው ሰቆጣ የሆነው የዋግ ኽምራ ዞን ስም ለዚህ ጥሩ መሞከሪያ ነው። አምስቱ ሆህያት፣ ማለትም ዋ፣ ግ፣ ኽ፣ ም እና ራ፣ ሳይደገሙ ሁለት ሁለት ሲቀናጁ 20፣ ሦስት ሦስት ሲቀናጁ 60 ዓይነት አሰላለፍ ቢሰጡም፣ አብዛኛው ፍቺ የሌለው ነው። ፈላጊው ድካም የሚቀንስለት፣ አያሌ የአማርኛ ስሞች በሳድስ ማለትም በስድስተኛው ቤት እንደሚያልቁ አስታውሶ «ግ»ን እና «ም»ን አስቀድሞ መጨረሻ ላይ ሲያቆም ነው፤ ያን ጊዜ ዋግ (የአገሩ መጠሪያ ብቻ ሳይሆን ስንዴን የሚመታው በሽታም ነው)፣ ግም እና ግራም ይወጣሉ፣ በ«ራ» ሲዘጋም ግራ እና ምራ ይገኛሉ። «ኽ» ግን ሕዝቡ በሚናገረው የአገው ቋንቋ የዘወትር ድምፅ ቢሆንም፣ በዚህ ስብስብ ውስጥ የአማርኛ ጓደኛ አጥቶ ብቻውን ይቀራል።

ፊደልን ከሰልፉ አውጥቶ እንደገና ማሰለፍ ለአገሩ ትምህርት እንግዳ አይደለም። የቤተ ክህነት ተማሪ ሀሁን ቆጥሮ ወደ አቡጊዳ ሲሻገር፣ ጭራሮውን አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ በአዲስ ተራ ላይ ያሳርፋል፤ እያንዳንዱ ፊደል ከቀዳሚው ተለይቶ ቤቱን ስለሚለውጥ፣ ሀሁን በዜማ ብቻ የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል።

ብዙ ቃላትን አንድ ላይ ለማበጠር የሚበጀው ዘዴ የየቃሉን ሆህያት በሀሁ ተራ መደርደር ነው፤ ረገመ፣ ገረመ እና መረገ ሦስቱም ሲደረደሩ መ፣ ረ፣ ገ ስለሚሆኑ፣ የእርግማኑ፣ የግርምቱና የግድግዳው ጭቃ ቃላት ከአንድ ከረጢት መውጣታቸው ወዲያው ይታወቃል።

አስቸጋሪው የአጻጻፉ ጉዳይ ነው። ዞኑን «ዋግ ህምራ» ብሎ የሚጽፍም ስላለ፣ «ኽ» ቦታውን ለ«ህ» ሲለቅ «ህግ» የሚል ተጨማሪ ቃል ይገኛል፤ ሆኖም ቃሉ በግዕዝ አመጣጡ በሐመሩ «ሕ» የሚጻፍ በመሆኑ፣ ነጥቡን መስጠትም መከልከልም የዳኛው ፋንታ ነው።