ፋኖስ ሠሪውና እጮኛው

ሥዕሏ ትንሽ ናት። ቁመቷ 55 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዷ 35 ያህል ነው። ዊልያም ሆልማን ሃንት የተባለ እንግሊዛዊ በ1854 እ.ኤ.አ. ካይሮ ሄዶ ጀመራት፤ የጨረሳት ግን አገሩ ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ በበርሚንግሃም ከተማ ሙዚየም ትገኛለች።

ቦታው የካይሮ መንገድ ነው። አንድ ወጣት ፋኖስ ሠሪ ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል፤ ፋኖሶቹ ተንጠልጥለዋል (ዐረቦቹም «ፋኑስ» ነው የሚሉት)። ፊቷን የተሸፈነች ልጃገረድ አጠገቡ ቆማለች። እጮኛው ናት፤ እስኪጋቡ ድረስ ግን መልኳን ማየት አልተፈቀደለትም። ስለዚህ እጁን ዘርግቶ በዓይነ ርግቡ ላይ ፊቷን ይዳስሳል። ከኋላቸው ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ በአህያ ያልፋል።

በዚያ ዘመን ብዙ የአውሮፓ ሠዓሊዎች የምሥራቁን ገበያና ሴት ለአገራቸው ሀብታም እየሳሉ ይሸጡ ነበር። አብዛኛውን አልወደውም፤ ሰውን እንደ ዕቃ የሚያሳይ ይበዛዋል። ይህኛው ግን ይለይብኛል። ሃንት በ1848 ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር መሥርቶ፣ ተፈጥሮን በዓይን እያዩ ሳያሳምሩ መሳል አለብን ያለ ሰው ነው። ካይሮ ሲደርስ ታዲያ ሴቶቹ ፊታቸውን ገልጠው ሊሳሉለት ፈቃደኛ አልሆኑም። እሱም እንደ ፋኖስ ሠሪው ሆነ ማለት ነው።

የአሥራ ሁለት ዓመቷን የልጅ ልጄን ሥዕሉን ሳሳያት የጠየቀችኝ ሌላ ነው። «እምዬ፣ እሷ ፈቅዳለት ነው?»

በነርስነት ዘመኔ ስንት ነፍሰ ጡር በእጄ መርምሬያለሁ። የሕፃኑ ጭንቅላት ወዴት እንዳለ ጣት ይነግራል፤ ነገር ግን እጄን ከማሳረፌ በፊት «ልንካሽ?» እላለሁ። አንዳንዷ በአፏ «እሺ» ብላ ሆዷን ታጠነክራለች። ያን ጊዜ እጄን አነሣና እጠብቃለሁ። ሠዓሊው የልጅቷን ፊት ስለሸፈነው ግን እሺታዋ የትኛው እንደሆነ ከሥዕሉ አይገኝም። ለልጅቱም ይህንኑ ነገርኳት።

ቀጥዬ የእኔ እናትም ባሏን ያየችው በሠርጓ ዕለት መሆኑን አጫወትኳት። እናቴን አንድ ጊዜ «ስታይው ምን አልሽ?» ብያት ነበር። «አንገቴን ደፍቼ ምን አያለሁ? ያየሁት እግሩን ነው» አለችኝ።

የልጅ ልጄ ትንሽ አሰበችና፣ «እግሩስ ያምር ነበር?» አለች።